ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

የደቡብ ምዕራቡን የቡና አገር ስም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንዲት ፊደል ላይ መጠንቀቅ አለበት። «ካፋ» ብሎ ከጻፈ የአገሩን ስም ጻፈ። የ«ካ» ረዥም እግር ካጠረች ግን ስሙ ግስ ሆኖ ይቀራል፤ «ከፋ» ይሆናል። የቆዩ መጻሕፍት፣ ካርታዎችና የመንግሥት ደብዳቤዎች ለብዙ ዘመን በአጭሯ እግር ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ ዞኑ ራሱን በረዥሟ ይጽፋል፤ ማን በክፉ ስም መጠራት ይወዳል?

አማርኛ «ከፋኝ»ን ለሁለት ዓይነት ሰው ይሰጣል። አንዱ በሹም ወይም በዳኛ ተበድሎ ጠመንጃውን አንሥቶ ዱር የሚገባው ነው። እሱ ሲሸፍት «ከፋኝ» ይላል፤ አገር ይሰማዋል፤ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ምሕረት ይለመንለታል። ሌላው የትም አይገባም። ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ሥራው ላይ ይገኛል፣ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ለእሱ ሽማግሌ የሚልክ የለም፤ አልሸፈተማ። ይህ ሐተታ ስለ ሁለተኛው ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ረቂቅ መልስ ነው። የተናገረው ሰው አልዋሸም፤ በጭንቅም ቢሆን ማመስገን ተገቢ እንደሆነ ያምናልና። የጠየቀው ሰው ግን ምንም አላወቀም። በሩ በጨዋ ደንብ፣ ከፈገግታ ጋር ተዘግቷል። ከበሩ በስተኋላ ያለውን ነገር አማርኛ ወደ ሆድ ይልከዋል፤ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሆድ የተባለው ደግሞ እህል የሚፈጨውን ብቻ አይደለም። ምሥጢርም፣ ቂምም፣ ፍቅርም፣ የማይነገር ሐዘንም የሚያድሩት እዚያው ነው። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጭም።

አንዲት መምህርት እናስብ። ስም አያስፈልጋትም። ከሌላ አካባቢ ተመድባ ቦንጋ የመጣች ናት፤ በጅማ በኩል ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ። ባሏ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ነው። በሦስተኛው ወር ጽንሷ ወርዷል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስት ቀን ተኝታ፣ «ጉንፋን ጥሎኝ ነበር» ብላ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ተማሪዎቹ ተነሥተው «እንደምን አደሩ» አሏት። እሷም የተለመደውን መልስ መልሳ ጠመኔዋን አነሣች።

እናቷ ሞተውባት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር። ገና ለቅሶው ሳይሰማ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ይደርሱ ነበር። አግዳሚው ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይጣዳል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሴቶች በየተራ ቡና ያፈላሉ፤ ሐዘንተኛዋን ለብቻዋ የሚተዋት ሰው አይገኝም። የማታውቀው ሁሉ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥላታል። ዕድር በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች፣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ለሚለው ጭንቀት ያበጁት መልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልደረሰበት ከተማ የለም፤ ቦንጋም አለ። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ሰው የሐዘን ዝርዝር ያገኝበታል፤ ለአባት ይህን ያህል ብር፣ ለልጅ ይህን ያህል፣ ለአማች ይህን ያህል፣ ድንኳኑ ለስንት ቀን ይቆያል። ለወረደ ጽንስ የተጻፈ አንቀጽ ግን የለም። ለፈረሰ ትዳር፣ ለማይከፈል ዕዳ፣ በጫትና በመጠጥ ለጠፋ ልጅ፣ ለሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ እየጸለዩ ልብ ለሚደርቅበት ዘመንም የለም። ዕድር የሚያውቀው አስከሬን ያለውን ሐዘን ነው።

ለዚህ ማንም አይወቀስም፤ ድንኳን የሚተከለው ለሚታይ ነገር ነው። ጥያቄው አስከሬን የሌለው ሐዘን ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

በካፋ ምድር እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚኬድበት ግቢ ከቤተ ክርስቲያንም በፊት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካፋ ጥናት ያደረገው አንትሮፖሎጂስት አምኖን ኦረንት እንደጻፈው፣ ኤቆ የሚባለው መንፈስ አላሞ በሚባለው ሰው ላይ ይወርዳል፤ ሰዎችም ሕመማቸውን፣ መካንነታቸውን፣ የከብታቸውን ሞት ይዘው ወደ አላሞው ይመጣሉ። አላሞው የችግሩን ምክንያት ይናገራል። የተጣሰ ደንብ፣ የተረሳ ግብር ወይም የተቆጣ መንፈስ ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ግቢ ባዕድ አምልኮ ብላ አወገዘችው፤ በራሷ ሚዛን ሌላ ልትል አትችልም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሰው ወደዚያ ግቢ የሚሄደው መፍትሔ ፍለጋ ብቻ አልነበረም፤ በሆዱ የያዘውን ነገር ስም የሚሰጥለት ሰውም ፍለጋ ነበር። ስም የተሰጠው ጭንቀት ቢያንስ ዳር ድንበር ይኖረዋል። ግቢውን የዘጋ ሁሉ የሚሰማ ጆሮ በምትኩ አዘጋጅቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ጥያቄው በካፋ የበለጠ የሚከብደው በታሪኩ ነው። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው አገራቸው ጠፍ ከሆነች በኋላ፣ ደብር ተካዩ ከዘማቹ ጋር ነበር የመጣው። ክርስትና ለካፋ ከዚያም በፊት እንግዳ አልነበረም። ሆኖም በተሸነፈ አገር ካህኑና ነፍጠኛው በአንድ ሰፈር ሲያድሩ፣ ገባር የሆነ ሰው የሆዱን ለዚያ ካህን ይነግረዋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ኑዛዜ ከእምነት በፊት መተማመንን ይፈልጋል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለማይነገር ነገር ያላት መልስ የነፍስ አባት ነው። ይህ ሰው ሐኪምም ዳኛም አይደለም፤ የሁለቱ ጥላ ግን አለበት። የሰማውን እንዳያወጣ በሥርዓት የታሰረ ነው። ቀኖና ይሰጣል፤ ስግደት፣ ጾም፣ ከዳዊት ይህን ያህል። ዘመናዊ አንባቢ ቀኖናን እንደ ቅጣት ብቻ ያየዋል። የተናዘዘ ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል፤ ለማይጨበጥ ጭንቀት የሚጨበጥ ሥራ ተሰጥቶታል። በጉልበቱ የሚሰግደው፣ በጣቱ የሚቆጥረው፣ በዚህ ቀን ይጀመራል በዚህ ቀን ያልቃል የሚባል ነገር አገኘ። ደግሞም የነፍስ አባት በችግር ጊዜ ብቻ አይጠራም። በበዓል ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ ዳቦ ይባርካል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ቄሱ ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ያየ ጎረቤት «ምን ሆነው ነው?» አይልም። የአእምሮ ሐኪም በር ላይ የታየ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አያመልጠውም።

ድካሙም እዚያው ጥንካሬው ውስጥ ነው። የቤተ ሰቡ ወዳጅ የሆኑ፣ የእናትን ዝክር የሚባርኩ ቄስ ለልጅቱ ቅርብ ናቸው፤ ከመጠን በላይ ቅርብ። ምሥጢር እንደማያወጡ ብታውቅም፣ በሚቀጥለው በዓል ዓይናቸውን እንዴት ታያለች? ትንሽ ከተማ ውስጥ ምሥጢር የሚጠበቀው በአፍ ብቻ አይደለም፤ ዓይንም ይናገራል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ሌላ ደብር፣ ሌላ ወረዳ ድረስ ሄዶ የሚናዘዘው። እኛ ያሰብናት መምህርት በአንጻሩ የነፍስ አባቷ በትውልድ አገሯ ቀርተዋል፤ በስልክ አይናዘዙ ነገር።

ስለ ናዛዥ ብቸኝነት ካፋ አንድ የቆየ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ቄሳሬ ዳ ካስቴልፍራንኮ የሚባሉ ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ ወደ ካፋ ገቡ። አለቃቸው ጉልዬልሞ ማሳያ በሩቅ ነበሩ፤ መንገዱ በኬላና በጦርነት የተዘጋ ነው፤ ደብዳቤ ለወራት አይደርስም። መነኩሴው በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ስእለታቸውን ትተው ሚስት አገቡ። ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ሲደርሱ ይህ ወሬ ቀድሟቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ራሳቸው ማሳያም ከአገሩ ተባረሩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይተረካል። ከሌላ ወገን ቢታይ ግን አንድ ተራ እውነት አለበት። ካህን ራሱን መናዘዝ አይችልም። የመቶ ሰው ምሥጢር የሚሸከም ሰው የራሱን የሚያራግፍበት ሁለተኛ ካህን ከሌለ፣ ከመንጋው ሁሉ ብቸኛው እሱ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1994 ጅማንና ቦንጋን በአንድ አስተዳደር አድርጋ የመጀመሪያውን ኃላፊነት ለአባ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ሰጠች፤ በኋላ ካርዲናል የሆኑት ናቸው። ዛሬ በካፋ ጫካ ያለ ካህን ወደ ባልንጀራው መደወል ይችላል። ሁሉም ይደውላል ወይ? በየትኛውም ቤተ እምነት ስላሉ አገልጋዮች ይህን የሚጠይቅ ምእመን ጥቂት ነው። «አባ እንዴት ናቸው?» ስንል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንዲሉን እንጠብቃለን።

ከኑዛዜ ሌላ አንድ መንገድ አለ፤ ንግግር የማይጠይቅ።

ጽዋ ማኅበር በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ይጠጣል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ተራ ያለው ድፎ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል። ቄስ ይባርካሉ፤ የተጣላ ካለ ታርቆ ይጠጣል። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለባለ ተራ ይሰጣል፤ ያም በክብር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ማንንም «ምን አስጨነቀሽ?» አይልም። የሚታየው ሌላ ነው፤ መቅረት። የቀረ አባል መቀጮ አለበት፤ ከመቀጮው በፊት ግን ሰው ይላክበታል። ሁለት ወር ተከታትላ የቀረች ሴት በሦስተኛው ደጃፏ ላይ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ታገኛለች። ምን እንደሆነች አይጠይቋትም፤ «ጠፋሽብን» ይሏታል። በዚህች ቃል ውስጥ ያለው ጥበብ ለጸሐፊው ከብዙ የምክር መጻሕፍት ይበልጥበታል። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተጠያቂዋን ያጋልጣታል። «ጠፋሽብን» የሚለው ግን ጉድለቱን ወደ ጠያቂዎቹ ያዞረዋል፤ የጎደለው የእነሱ ነው፤ እሷ የሌለችበት አግዳሚ ጎዶሎ ሆኗል።

ቡናም እንዲሁ ነው። ካፋ የቡና መገኛ ናት፤ በማንኪራ ጫካ ቡናው ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ክርስቲያኑ ሰሜን ግን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይጸየፈው ነበር። በምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቡና ያልቀመሰ ምእመን ራሱን ያመዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል አንድ ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ሆዷ የባባ ሴት ዝም ብላ ብትቀመጥ ማንም አይገረምም፤ ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት ይባላል። ዳዊት የሚደግም ሰው ሲያለቅስም እንዲሁ ነው። መጽሐፉን ዘርግቶ ያለቀሰን ሰው ማንም «ምን ሆንክ?» አይለውም፤ ዳዊቱ ነው ይባላል። ማኅበረሰቡ ለእንባ ሽፋን አዘጋጅቷል። ገመናን የሚሸፍን ብቻ ሳይሆን እንባንም እንዲፈስ የሚፈቅድ ሽፋን ነው።

በወንጌላውያን ዘንድ መንገዱ የተገላበጠ ይመስላል፤ እዚያ መናገር ይበረታታል። ከወላይታና ከሌሎች አጎራባች አገሮች የመጡ ወንጌላውያን ባደረሱት መልእክት የተተከሉ አጥቢያዎች ዛሬ በካፋ ከተሞችም በገጠር ቀበሌዎችም አሉ። በጸሎት ስብሰባ መጨረሻ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ ለፈተናው፣ አንዱ ለታመመ ወንድሙ ይላል። አንዲቱ ደግሞ «ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም፤ ሁሉም ይጸልዩላታል። ምንነቱ ሳይነገር ሸክሙ ብቻ ይነገራል። ይህችን አነጋገር ማን እንደጀመራት ባይታወቅም፣ ያዘጋጃት ሰው የሐበሻን ሆድ በደንብ ያውቅ ነበር።

ምስክርነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምስክርነት ሰዋስው አለው፤ የሚነገረው በኃላፊ ጊዜ ነው። «ታምሜ ነበር፣ ጌታ ፈወሰኝ።» «ሥራ አጥቼ ነበር፣ ጌታ በር ከፈተልኝ።» መድረኩ የሚፈቅደው ከወንዙ ማዶ የደረሰን ሰው ነው። ገና መሐል ወንዝ ላይ ያለው፣ ውኃው እስከ ደረቱ የደረሰው፣ «ታምሜያለሁ፤ አልዳንኩም» ብሎ ቢናገር ጉባኤው ምን እንደሚመልስለት አያውቅም፤ እልልታው አይመችም። የስእለት ነገርም ከዚህ አይርቅም። በንግሥ ቀን ጥላና መጋረጃ ይዞ የሚመጣው ስእለቱ የሰመረለት ነው፤ ያልሰመረለት ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ያጨበጭባል። ጀርመናዊው መጋቢ ዲትሪክ ቦንሆፈር፣ በፊንከንቫልደ ያስተምርበት የነበረው ሴሚናር እ.ኤ.አ. በ1937 በጌስታፖ ከተዘጋበት በኋላ በጻፈው አብሮ የመኖር መጽሐፉ፣ ይህንኑ በሌላ ቋንቋ አንሥቶታል። የጨዋ አማኞች ኅብረት ማንም ኃጢአተኛ እንዲሆን ስለማይፈቅድ እያንዳንዱ አብሮ እየዘመረ ብቻውን ይቀራል ይላል በሐሳቡ።

ለዚህ መድኃኒቱ ትንሽነት ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1982 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሕንጻዎች ወርሶ መሪዎቹን ሲያስር፣ አባላቱ በየመኖሪያ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍለው ይሰበሰቡ ጀመር። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው የአባላት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1991 ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ይህን የሚተርኩት እንደ ድል ዜና ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። መዝሙር ጮክ ብሎ መዘመር በማይቻልበት፣ መድረክ በሌለበት፣ ስድስት ሰባት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ሳሎን ውስጥ ማንም በኃላፊ ጊዜ መናገር አልቻለም። የሁሉም ፈተና ገና አላለቀምና።

በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የጦር ካምፕ ሲጋዙም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ገና ልጆች ናቸው፤ ጦር ግንባር ልንላክ ነው ብለው ያስባሉ፤ ወላጅ የለ፣ ወዳጅ የለ። ማታ ማታ በካምፑ ለጸሎት የተሰበሰቡት ኦርቶዶክሳውያን በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ለሆነው ጉባኤ መነሻ ሆኑ። ማኅበሩ በኋላ የሆነውን ሁሉ፣ ሕንጻውንም ክርክሩንም፣ ትቶ ያችን የመጀመሪያ ማታ ብቻ ያየ ሰው የፈሩ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚያገኘው። ዛሬ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ከሌላው የአገሪቱ ጫፍ መጥቶ፣ የአካባቢውን ዝናብና ብርድ ገና ሳይለምድ፣ የማያውቀው ወጣት ዶርሙን አንኳኩቶ ወደ ግቢ ጉባኤ ወይም ወደ ወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት ይጋብዘዋል። ብዙ ወላጅ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ያተረፈው ይህ ማንኳኳት መሆኑን አያውቅም።

ይህን ሁሉ ካመሰገኑ በኋላ ደግሞ የሚጎዳውንም መናገር ይገባል። ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው የሚል ወንድም አለ። እንቅልፍ ያጣችውን «ጸልዪ እንጂ» ብሎ የሚያሰናብት አለ፤ ያቺ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ እንዳደረች ግን አልጠየቀም። የጸሎት ርዕስ ወጥቶ ከሐሜት ጋር ገበያ የሚውልበት ጊዜም አለ፤ «እንጸልይላት ብዬ ነው የምነግርሽ» የሚል መግቢያ ያለው ሐሜት ከሐሜት ሁሉ የከፋ ነው። ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን ደዌውን ደብቀው ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የወጡ ሰዎች እዚያ ሕመምተኛውን የማይሸሽ ጎረቤት አገኙ፤ መድኃኒቱን ግን ጥለው የሄዱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ለብዙዎች ያራገፉት ሸክም ከሁለቱ አንዱን የመምረጥን ነበር። ሐዘኗ ያልለቀቃት መምህርታችንም በቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ሐኪም ማየቷ ከጽዋው አያወጣትም።

በዚምባብዌ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሐራሬ የሰፈር አያቶች ጋር አንድ ነገር ጀመረ። በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ የሠለጠኑ አያቶች እዚያ ሆነው የሰው ችግር ይሰማሉ። መጀመሪያ ስሙ የአእምሮ ጤና አግዳሚ ነበር፤ የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ። አያቶቹ ስሙን ለውጡት አሉ፤ የወዳጅነት አግዳሚ ሆነ፤ ሰው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከአግዳሚው የተጠቀሙት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በእጅጉ እንደተሻላቸው አሳየ። የሾና ቋንቋ ለዚህ ሕመም ያለው ስም ማሰብ መብዛት ማለት ነው። የእኛዎቹም አያቶች «ሐሳብ ገደላት» ይላሉ፤ አግዳሚውም በየደብሩ ዛፍ ሥር አለ፤ የሚጎድለው ምናልባት ሥልጠናው ይሆናል።

ስለ አግዳሚ ከተነሣ ግን በካፋ አንድ ጥያቄ ሊታለፍ አይችልም። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል?

በካፋ ማንጆ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በካፋ መንግሥት ዘመን የኬላ ጠባቂዎችና አዳኞች ነበሩ፤ በኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ ይተዳደራሉ። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው በሌላው የካፋ ሕዝብ ዘንድ ሲገለሉ ኖረዋል። ቤት አይገቡም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዘወር ይላሉ፤ ምግብ ቢሰጣቸው በኮባ ቅጠል ነበር፤ አብሮ መብላት፣ መጋባት የማይታሰብ ነበር። ልማዱ ዛሬ በብዙ ቦታ ላልቷል፤ አልጠፋም። ጃፓናዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሳዩሪ ዮሺዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ማንጆዎች ለምን ፕሮቴስታንት ሆኑ ብላ ጠይቃለች። መልሱ ከነገረ መለኮት ይልቅ ለማዕድ የቀረበ ነው። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው የሚል ቤት አገኙ፤ ገቡ፤ አብረው ለመቀመጥ ያልፈቀዱ ግን ወጡ ወይም ራቁ። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ለማንጆዎች በሯን ስትከፍት ከዚህ ፈተና አላመለጠችም።

እስካሁን የተባለውን ሁሉ ይህ እውነት ከሥሩ ይነካዋል። ጽዋው ያለ ጥያቄ ያጽናናል ብለናል፤ ግን በተራ መዝገቡ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። «ጠፋሽብን» የምትባለዋ መጀመሪያ የነበረች ናት። ያልነበረች ሴት ብትጠፋ ማን ያስተውላታል? ከስኒ የተከለከለ ሰው ሐዘኑ ድንኳን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ጭሱ አስለቀሳት የሚልላትም የለም።

ወደ መምህርቷ እንመለስ። ሁለት ሴቶች መጥተው «ጠፋሽብን» ካሏት በኋላ ወደ ጽዋ ማኅበሩ ተመልሳለች እንበል፤ ዛሬ 21 ነው፤ ተራው የእሷ ነው። አግዳሚ ከጎረቤት ተውሳለች፣ ድፎው ወጥቷል፣ ጠላው ተጣርቷል፣ ለቡናው ስኒ ተደርድሯል። ከውጭ ዝናብ ይዘንባል። ማገዶ ተሸክማ የመጣች ሴት ደጃፉ ላይ ሸክሟን አውርዳ፣ ውኃ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ዋጋዋን ትጠብቃለች። መምህርቷ የአገሩን ልማድ አታውቅም። «ኧረ ዝናቡ! ግቢ እንጂ እህቴ፣ አንድ ስኒ ጠጪ» አለቻት፤ አለችና አቦሉን ቀድታ ዘረጋችላት።

ቤቱ ጸጥ አለ። የማገዶዋ ሴት መጀመሪያ ስኒውን፣ ከዚያ የተቀመጡትን ሴቶች አየች፤ አንድ እግሯ መድረኩን አልፏል። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት እማማ፣ በዚያ ጸጥታ መካከል፣ ነጠላቸውን ሰብስበው በአግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ቦታ ሊለቁላት ይሁን ሊርቋት፣ ከበሩ ሆኖ ለሚያይ አይለይም።